የጎመን ምንቸት ለምን ይውጣ?

ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር አንድ ካፌ ገብተን ምሳ አዘዝን። ምናሌው ላይ «ስፒናች በነጭ ሽንኩርት» የሚል አየሁና፣ ዋጋው ጠንከር ቢልም፣ ዛሬስ ልቅመሰው ብዬ አዘዝኩ። የመጣልኝ ቆስጣ ነው። በቃ፣ እቤታችን በየጾሙ የሚሠራው፣ አንገተ ወፍራሙ ቆስጣ! አስተናጋጁን «ስፒናች እኮ ነው ያልኩህ» ስለው ፈገግ ብሎ «እሱ ነው እህቴ፤ በእንግሊዝኛ ስፒናች ነው የሚባለው» አለኝ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። አንዷ ጓደኛዬ ታዲያ «እንኳንም ጎመን አላሉት! ጎመን ቢሉት በዚህ ዋጋ ማን ይበላዋል?» አለች።

ሳቁ እዚያው ቀረ፤ የእሷ ነገር ግን ተከትሎኝ ቤት ገባ። ጎመን የሚለው ስም ብቻውን ለምንድን ነው ዋጋ የሚያወርደው? «ጎመን በጤና» እንላለን። ሲፈታ «ድሃ ሆኜ በሰላም ልደር» እንደማለት ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ይብሱን «አርፈህ ተቀመጥ» ማለት ሆኗል። በመስከረም አዲስ እህል ሲደርስ ደግሞ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። እስኪ አስቡት፤ ክረምቱን ሙሉ ቤቱን ሲያኖር የከረመ ምንቸት፣ ዝናቡ ሲያባራ ምስጋና እንኳ ሳይሰጠው ውጣ!

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ለተባረረው ምንቸት ጥብቅና መቆም ነው።

ሦስት ቅጠሎች፣ ሦስት ዕድሎች

መጀመሪያ አስተናጋጁ ያደባለቃቸውን እንለያይ።

እውነተኛው ስፒናች የፋርስ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ647 በኔፓል በኩል ቻይና እንደገባ የቻይና መዛግብት ጽፈዋል። ዐረቦች ደግሞ ወደ ምዕራብ ይዘውት ሄዱ። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሴቪሉ ኢብን አል-አዋም ስለ ግብርና በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የአትክልቶች አለቃ አድርጎ ሾሞታል። እ.ኤ.አ. በ1929 ፖፓይ የሚባለው የካርቱን መርከበኛ ተፈጠረ፤ ስፒናች በልቶ ጡንቻውን ሲነፋ ያላየ የከተማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። በ1937 ደግሞ ስፒናች አምራቿ የቴክሳስ ከተማ ክሪስታል ሲቲ ለፖፓይ ሐውልት አቆመችለት። ስፒናች ሐውልት አለው ማለት ነው!

ስፒናች የብርድ ቅጠል ነው። ውርጭ አይበግረውም፤ የሚጠላው ሙቀትና ረጅም ቀን ነው። አውሮፓ ውስጥ በበጋ ቀኑ ሲረዝም ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ወደ አበባ ይሮጣል። እኛ ደጋ ግን ቀኑ ብዙ አይረዝምም፤ በመካነ ሰላም አካባቢ የዓመቱ ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ቢዘራ ደጋችን ይመቸዋል። ደጋው ግን ስፒናችን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ የራሱ ቅጠል ነበረው።

ቆስጣ ሌላ ነው። የቀይ ሥር ወንድም ነው፤ እንዲያውም በሳይንስ ዓይን ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው፤ አንዱ ለሥሩ፣ አንዱ ለቅጠሉ ተመርጦ የመጣ። ስሙን የጣልያንኛ ነው የሚሉ አሉ፤ «ኮስታ» የጎድን አጥንት ማለት ነው፤ ያችን ነጭ ወፍራም አንገቱን ስታዩ ነገሩ ይገጥማል። ዝኩኒም በዚያው በጣልያን በር የገባ ነው።

ሦስተኛው ጎመን ነው። የሐበሻ ጎመን። ይኼ ከየትም አልመጣም። የሳይንስ ስሙን፣ «ብራሲካ ካሪናታ» የሚለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ያወጣለት ጀርመናዊው አሌክሳንደር ብራውን ነው። በእነዚያ ዓመታት ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ከትግራይና ከስሜን ተራሮች ተክሎችን እያደረቀ ወደ አገሩ ይልክ ነበር። ሺምፐርን ያዙልኝ፤ መቅደላ ላይ እናገኘዋለን።

ጎመን እንዴት እንደተፈጠረ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ከኮሪያዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት የተወለደው ዉ ጃንግ-ቹን (ጃፓኖች ኡ ናጋሃሩ ይሉታል) የጎመን ዘሮችን ዝምድና አወጣ። የጥቁር ሰናፍጭ 8 ጥንድ ክሮሞሶምና የጥቅል ጎመን ወገን 9 ጥንድ ተደምረው የእኛን ጎመን 17 ጥንድ ሰጡ። ጎመን ማለት ሰናፍጭና ጥቅል ጎመን በተፈጥሮ ተጋብተው የወለዱት ልጅ ነው። ያቺ ለስለስ ያለች ምሬቱ ከየት እንደመጣች አሁን ገባችሁ?

የዚህ ሰውዬ ታሪክ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ኮሪያ ገብቶ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የሠራው ለኪምቺ የሚሆን የጎመንና የነጭ ራዲሽ ዘር ማሻሻል ነው። በ1943 ዓ.ም. የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲደርስ፣ የእኛን ጎመን ሚስጥር የፈታው ሰው እዚያው አገር የጎመን ዘር እያራባ ነበር። ኮሪያውያን ይህን ሰው ዛሬም በክብር ያነሱታል። ጎመናቸውን አክብረዋላ!

የከርሞ ናት

የእናቴ አገር ቦረና ነው፤ የወሎው ቦረና፤ የደቡቡ እንዳይመስላችሁ። ከደሴ ተነሥታችሁ የጉጉፍቱን ብርድ ቀምሳችሁ፣ በለጋምቦ አቀስታ አልፋችሁ ወደ ምዕራብ ስትዘልቁ መካነ ሰላምን ታገኛላችሁ። ከተማዋ ወደ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ታች ብትወርዱ የዓባይ በረሃ ነው። ወደ ላይ ብትወጡ ደግሞ የደንቆሮ ጫካና የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ጅባራው፣ ጓሳው፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ያለበት። አገራችን አየር ንብረቷን ስትከፋፍል ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብላ አላቆመችም፤ ከደጋ በላይ ያለውን «ውርጭ» ብላዋለች። ቅዝቃዜ ራሱ የአገር ስም የሆነበት ቦታ ማለት ነው።

ውርጭ ደግሞ የክረምት ነገር አይደለም። ክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ነው። ውርጩ የሚመጣው ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች፣ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ለባዶ ሰማይ ሲለቅ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለዚህ ነው። አንድ የውርጭ ሌሊት እሸት ባቄላ ላይ ምን እንደሚያደርግ የደጋ ገበሬ ያውቀዋል። ጎመን ግን ጠዋት ላይ ቅጠሉ ድርቅ ብሎ፣ አመዳይ ለብሶ ታገኙትና «አለቀለት» ስትሉ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ምንም እንዳልሆነ ቀና ይላል። የጎመን ወገኖችም ሆኑ ስፒናች ብርድ ሲሰማቸው ቅጠላቸው ውስጥ ስኳር ያጠራቅማሉ፤ ስኳሩ ውኃው ቶሎ በረዶ እንዳይሆን ያግዳል። ውርጭ ያገኘው ጎመን የሚጣፍጠው በዚህ ምክንያት ነው። የእናቶቻችን ምላስ ይህን ከላቦራቶሪ በፊት ያውቀው ነበር።

አያቴ ጓሮ ጎመን የሚበቅልበት አፈር ጥቁርና ለስላሳ ነበር። ማዳበሪያው የምድጃው አመድና የበረቱ አዛባ ነው፤ ቤቱ የጣለውን ጓሮው ይበላል፣ ጓሮው ያበቀለውን ቤቱ ይበላል። ቅጠል የሚቆረጠው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ልቡ አይነካም፣ ተክሉም አይሞትም። ከሁሉም መርጣ ያማረችውን አንዷን ግንድ ጨርቅ ታስርባትና ማንም ቅጠሏን እንዳይቀነጥስ ትከለክላለች። ልጅ ሆኜ እጄን ስሰድ ያዘችኝና «አብሽሪ፣ ሌላውን እንደልብሽ ቅጠፊ፤ ይህችን ግን ተያት፤ የከርሞ ናት» አለችኝ።

የከርሞዋ ጎመን ቢጫ አበባ አውጥታ፣ ፍሬ ቋጥራ፣ ደርቃ ትወቃለች። ዘሩ ከፊሉ ተፈጭቶ ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ያለ ጎመን ዘር ምጣዱ እንጀራ ይይዛልና። የቀረው በጨርቅ ተቋጥሮ ጢስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል። ጎረቤት «የጎመን ዘር ቆንጥሪልኝ» ካለች ይቆነጠርላታል። ይህ ቆንጥሮ የመስጠት ሥርዓት ደረሰኝ የለውም፣ መዝገብ የለውም፤ ግን ዘሩ ከትውልድ ትውልድ የተሻገረው በሱ ነው። የሚበርደው መንደር ብርድ የቻለችውን ግንድ ለዘር እየመረጠ፣ ማንም ሳይንቲስት ሳይለው፣ የብርድ ጎመን ሠራ።

ሐምሌ

ግዕዝ ቅጠላ ቅጠልን «ሐምል» ይለዋል፤ በትግርኛ «ሓምሊ» ዛሬም ጎመን ነው። ሐምሌ የሚለው የወር ስም ከዚሁ ከልምላሜ ጋር ይዛመዳል ይላሉ። አገሩ አረንጓዴ የሚለብስበት ወር ነዋ!

ገበሬ ቤት ለተወለደ ሰው ግን ሐምሌ ሌላ ትርጉም አለው። የዓምናው እህል ከጎተራ ያልቃል፤ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ነው። ዓይን አረንጓዴ ያያል፣ ሆድ ባዶውን ያድራል። በዚህ መሐል የሚደርሰው ከቤቱ ኋላ ያለው ጎመን ነው። እሱም ሲያንስ ሳማ አለ፤ እጅ የሚለበልበው፣ ሲቀቀል ግን ትጥቁን የሚፈታው የደጋ ቅጠል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ ወር የሚያየው ድስት አንድ ነው።

«የጎመን ምንቸት ውጣ» የሚባለው እንግዲህ ይህ ካለፈ በኋላ ነው። አባባሉ የሚያባርረው ሐምሌን ነው፤ ረሃቡን ነው። ዱላው ያረፈው ግን ረሃቡ ላይ ሳይሆን ከረሃቡ ባወጣን ቅጠል ላይ ሆነ። በክፉ ቀን አብሮን የነበረውን ወዳጅ ክፉውን ቀን ያስታውሰናል ብለን እንደምንሸሸው ማለት ነው።

መቅደላ ላይ ማን ምን ዘራ?

ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ መቅደላ አለች። አፄ ቴዎድሮስ አምባዋን የያዙት በመስከረም 1848 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወሎ ሠራዊት ሲመላለስበት ኖረ። ያኔ ሠራዊት የሚበላው ከገበሬው ነው፤ ጎተራ ይገለበጣል፣ በሬ ይነዳል። ጎመን ግን ጎተራ አይገባም፣ በአህያ ተጭኖ አይሄድም፣ ሁለት ቀን ቢውል ይጠወልጋል። ሠራዊቱ ካለፈ በኋላ ጓሮው ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ያው ሥሩ ያልተነቀለ ጎመን ነው ብዬ አስባለሁ። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ግን ከንጉሡ ጋር አብሮ አልፏላ፤ ማን ይጻፈው?

በሐምሌ 1858 ዓ.ም. ሆርሙዝ ራሳምና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ከሌሎች እስረኞች ጋር መቅደላ ወጡ። ሐምሌን ልብ በሉልኝ። እነዚህ ሰዎች ወደ ሁለት ዓመት ገደማ በቆዩበት ጊዜ ከባሕር ጠረፍ ዘር አስመጥተው የአትክልት ጓሮ አበጁ። ወደ 2800 ሜትር በሚጠጋው አምባ ላይ የፈረንጅ አትክልት በቀለ። ይህን የምናውቀው ከተፈቱ በኋላ መጽሐፍ ስለጻፉ ነው፤ ብላንክ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ራሳም በ1869።

ሺምፐርም በመቅደላው ዘመቻ ነጻ ከወጡት አውሮፓውያን አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1858 ድንችን ወደ አገራችን አስገባ ተብሎ በየመጽሐፉ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ዛሬ ደጋው ያለ ድንች አይታሰብም፤ ውለታውን አንክድም።

እኔን የሚያስገርመኝ ይህ ነው፤ ፈረንጆቹ ለሁለት ዓመት የዘሩት ጓሮ ታሪክ አለው። በዚያው አምባ ሥር፣ በዚያው ብርድ፣ ለስንት መቶ ዓመት ጎመን የዘሩት ሴቶች ግን አንድ ገጽ የላቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ወደቁ፤ እንግሊዞች ዘውዱንና መጻሕፍቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ሄዱ። ዘውድ ይዘረፋል፣ ብራና ይዘረፋል። በጨርቅ የተቋጠረ የጎመን ዘር ግን ማንም ሀብት ነው ብሎ ስላልጠረጠረው እዚያው ቀረልን። አንዳንዴ መናቅም ይጠቅማል!

ዶማ እና በሬ

ከሃያ ዓመት በኋላ ክፉ ቀን መጣ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ጣልያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው የከብት በሽታ አገሩን ጠረገው። በሬ አለቀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ምክንያቱም የእኛ እርሻ ያለ በሬ አይሆንም፣ በእጅ መቆፈር ደግሞ ለገበሬ ውርደት ተደርጎ ይታይ ነበር። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር አርአያ እንደሆኑ የተጻፈው በዚህ ጊዜ ነው።

ንጉሠ ነገሥት ዶማ ሲይዝ ታሪክ ነው። ግን ጓሮ ሁልጊዜም የዶማ ነበር! ማሳው የበሬና የወንድ፣ ጓሮው የዶማና የሴት። ምኒልክ ለአገሩ ሊያስተምሩ የሞከሩትን ነገር በየቤቱ ኋላ ሴቶች ሲሠሩት ኖረዋል።

እዚህ ላይ ግን ጥብቅናዬ ከልክ እንዳያልፍ። ጎመን ሐምሌን ያሻግራል እንጂ ድርቅን አያሸንፍም። ዝናብ ሲቀር እሱም ይደርቃል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ ጉዳዩ የቅጠል ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ነበር። ረሃቡ ተደበቀ፤ በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ። በጥቅምት 1977 ደግሞ የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያሳየውን ዓለም ሁሉ አየ። ጋዜጠኝነት ክፍል ውስጥ እነዚህን ሁለት ፊልሞች ያላነሣ መምህር የለም። እኔም ወሎን የማውቃት ከሁለት ነገር በቀር በሌላ አይመስልም ነበር፤ አንድም በዘፈን፣ አንድም በረሃብ። ካሜራው ትክክል ነበር፤ ግን የሚያሳየው የተሰበረውን ነው። ሳይሰበር ለዘመናት ሲሠራ የኖረውን ጓሮ ለማሳየት ማንም ካሜራ ይዞ አይመጣም።

ረሃብ ሲከፋ ደግሞ ሰው ዘሩን ይበላል። ያኔ የሚጠፋው የዘንድሮ ምግብ ብቻ ሳይሆን የከርሞውም ነው። ይህን ከሁሉ ቀድመው ካዩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘር ማዕከል ለዓመታት የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ ናቸው። ከረሃቡ በኋላ በወሎና በሸዋ ከገበሬዎች ጋር ሆነው የአካባቢውን ዘር ወደ ማሳው መልሰዋል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ትምህርታቸው ባጭሩ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይጠበቅም፣ በገበሬ እጅ እየተዘራ ነው የሚጠበቅ የሚል ነው። የአያቴ ቋጠሮ ማለት ነው።

ጎመን ሲበር

አሁን ለዚያች ለጓደኛዬ መልስ አለኝ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2012 ከኦታዋ አንድ ጄት ተነሣ። የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት አውሮፕላን ነው። መቶ በመቶ ከዕፅዋት በተሠራ ነዳጅ የበረረ የመጀመሪያው ሲቪል ጄት ሆነ። ዕፅዋቱ ምን ይመስላችኋል? ብራሲካ ካሪናታ። የሐበሻ ጎመን! በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውስትራሊያው ቃንታስ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ሲበር፣ በነዳጁ ውስጥ ከዚሁ ጎመን የተሠራ 10 በመቶ ተቀላቅሎበት ነበር። ደቡብ አሜሪካ ውስጥና በደቡብ ምሥራቅ የአሜሪካ ግዛቶች በክረምት ማሳ ላይ ለዘይቱ ይዘሩታል፤ የእኛ ምጣድ ማሰሻ ጄት ነዳጅ ሆኖ ማለት ነው።

እኛስ? በየከተማው የጓሮ ግብርና ይበረታታል፤ ደስ ይላል። ግን የምንዘራው ከሱቅ በፓኬት የገዛነውን ነው፤ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ አንዳንዴም እውነተኛ ስፒናች። ምንም ክፋት የለውም። የፓኬቱ ዘር ሲያልቅ ሌላ ፓኬት ይገዛል። ክፋቱ የሚመጣው ሁሉም እንዲህ ሲለምድና የመካነ ሰላም ጓሮም ከሱቅ መግዛት ሲጀምር ነው። ያኔ ቆንጥሪልኝ የምትል ጎረቤት ትጠፋለች፣ ጨርቅ የሚታሰርባት ግንድ ትጠፋለች፣ ብርድ ችሎ የኖረው ዘርም አብሮ ይጠፋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እንዳየነው ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ሱቅ የሚያመጣው በመንገድ ነው፤ ጓሮ መንገድ አያስፈልገውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ክረምት ላይ ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከአያታችሁ ወይም ከአክስታችሁ አንድ ቆንጥር የጎመን ዘር ለምኑ። አዲስ አበባም ይበርዳልና በቆርቆሮም ይሁን በአሮጌ ባልዲ ዝሩት። ቅጠሉን ከታች እየቀነጠሳችሁ ብሉ። አንዷን ግንድ ግን ጨርቅ እሰሩባትና ተዋት። ዘሩን ስትሰበስቡ ከየት መንደር እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና አብራችሁ ቋጥሩት። ያልተጻፈው ታሪክ የሚጀመረው እንዲህ ነው።

የገንፎ ምንቸትም ይግባ፤ ገንፎ ማን ይጠላል? የጎመኑ ግን እዚያው ይቀመጥ። የከርሞ ነው።